በስለት ጨረታ ያሸነፍኳት አላድ

ዛሬ ንፋስ መውጫ፣ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ፣ ካህናት ፊት ቆሜ ሰው ተበቀልኩ።

ለስለት የገባው ዕቃ በጨረታ ሲሸጥ አንዲት አላድ ወጣች፤ ያቺ የድሮዋ የግማሽ ብር ሳንቲም። እንደ እኔው የድሮ ሳንቲም የሚሰበስበው ጎረቤቴ ደምሴም መጥቶ ነበር። አምና ገበያ ላይ አንድ ጠገራ ብር ሳገኝ፣ «እትዬ፣ ይሄ ሐሰተኛ ነው፤ ይተዉት» ብሎኝ፣ ዞር ስል ራሱ ገዝቶታል።

እኔና እሱ ዋጋ መጨመር ስንጀምር ሌላው ሰው ተወልን። ደምሴ ጠጋ ብሎ፣ «እትዬ፣ ለእኔ ይልቀቁልኝ። ከስብስቤ የጎደለችው እሷ ብቻ ናት» አለኝ።

«ጎድላ ትኑር» አልኩና ጨመርኩ። አንገቱን ደፍቶ ጨረታውን ተወልኝ።

ቄሱ፣ «ለቤተ ክርስቲያን ያለዎትን ፍቅር ያብዛልዎ» ብለው መረቁኝ። አሜን አልኩ። ምን ልበል?

ቤቴ ገብቼ የሳንቲም ሣጥኔን ስከፍት እንደ እሷ ያሉ ሦስት አላዶች ተቀምጠዋል። የከፈልኩትም ደብረ ታቦር ሄጄ ዓይኔን ልታከምበት ያስቀመጥኩትን ገንዘብ ነው።

ልጄ በስልክ፣ «እማዬ፣ ይሄ እኮ በሽታ ሆነ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እኔም ዛሬ ገባኝ።

ቢሆንም ከአራቱ አንዷንም ለደምሴ አልሸጥለትም።

ሌላው እንዳያገኘው ብቻ ብላችሁ የማያስፈልጋችሁን የገዛችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ። ብቻዬን እንዳልሆንኩ ልወቅ።