ሳይቀመስ የተጋገረው የገና ኬክ

ደባርቅ ላይ ኬክ ቤት መክፈት እብደት ነው ያሏት ብዙ ነበሩ። ኬክ ያማረው ሰው ከጎንደር በሚኒባስ ያስመጣል፤ ገና ዳባት ሳይደርስ ክሬሙ ካርቶኑ ላይ ይለጠፋል። ሠርካለም ግን ጎንደር አንድ ኬክ ቤት ውስጥ መጀመሪያ ትሪ አጣቢ፣ ኋላም ጋጋሪ ሆና ዓመታት ሠርታለች። እናቷ ወይዘሮ በለጠች እግራቸውን ሲያማቸው ልታስታምማቸው ወደ ደባርቅ ስትመለስ አንድ ኦቨን አስጭና ነው የመጣችው።

የመጀመሪያዎቹ ኬኮች ጉድ ሠሯት። ጎንደር ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ኬክ እዚህ ኩፍ ይልና መሀሉ ዘጭ ይላል። ጎረቤቶቿ «ዛሬም ገበቴ ጋገርሽ?» እያሉ ሲስቁ እሷም አብራ ትስቃለች፤ ከዚያ ገብታ እንደገና ትሞክራለች። ነገሩ የደጋው ከፍታ መሆኑ ሲገባት ቤኪንግ ፓውደሩን ቀነሰች፣ ዱቄቱን ጨመር አደረገች። ውሎ አድሮ ኬኩ አልወርድም አለ።

ገና ሲቃረብ ባለሆቴሉ አቶ መልከ ጼዴቅ መጡ። በየዓመቱ ከቅዳሴ በኋላ ካህናቱንና የሰፈሩን ሰው ይጋብዛሉ።

«ሠርኬ፣ ዘንድሮ ኬኩን አንቺ ሥሪልኝ። ድርብርብ የቸኮሌት ኬክ። ደግሞ ሰው ቀምሶት የማያውቅ ነገር ይኑረው።»

«ናና ልጨምርበት?»

«ናና? የሻዩን?»

«ግዴለም፣ ይመኑኝ ጋሼ።»

ችግሩ ጾሙ ነበር። እንቁላልና ወተት የገባበትን ነገር ሠርካለም የነቢያት ጾም ሳይፈታ በጣቷ ጫፍ እንኳ አትቀምስም። ናና ደግሞ ተንኮለኛ ነው፤ ትንሽ ከበዛ ኬኩ የጥርስ ሳሙና ይሆናል፣ ካነሰ መኖሩም አይታወቅም። በዋዜማው ጠዋት ከጓሮ ቀጥፋ ትኩስ ወተት ውስጥ ዘፈዘፈችው። አፍንጫዋን አስጠግታ ጠበቀች፤ ጠረኑ ከካካዎው ጠረን ጋር የተስማማ ሲመስላት አጠለለችው። ሊጡን ለሦስት ከፍላ የመጀመሪያውን ትሪ ኦቨን ውስጥ ከመክተቷ መብራት ድርግም አለ።

ጠበቀች። አልመጣም።

«አለቀልኝ እማዬ!»

ወይዘሮ በለጠች መደባቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ «ድፎ ዳቦ በምንድን ነው የሚጋገረው?» አሏት።

«በእሳት ነዋ፤ ከላይም ከታችም።»

«ታዲያ ይኸ ከዳቦ በምን ይበልጣል? ከሰሉን አቀጣጥይ!»

«ያርራል እኮ!»

«ከሥሩ አሸዋ አንጥፊለት።»

ሠርካለም ትልቁ ብረት ድስት ውስጥ አሸዋ አነጠፈች፣ ትሪውን አስቀመጠችና ክዳኑ ላይ ፍም ደረደረች። የመጀመሪያው ኬክ ጠርዙ አረረ፤ ያረረውን በቢላ ቆርጣ ጣለችው። ለሁለተኛው ፍሙን ቀነሰች፤ እሱ አማረ። ሦስተኛው ደግሞ ከኦቨን የወጣ ይመስል ነበር። በየመካከላቸው ናና ያለው ክሬም ቀብታ ደራረበቻቸው፣ ቸኮሌት አለበሰቻቸው፤ በላዩ ነጭ የሚንት ከረሜላ ወቅጣ ነሰነሰችበት። ቧሂት ተራራ ላይ በረዶ የጣለ መሰለ።

በበዓሉ ዕለት ኬኩ ሲገባ በሆቴሉ አዳራሽ ያለው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። አባ ባርናባስ ባርከው ቆረሱና አንድ ጉርሻ አፋቸው ውስጥ አደረጉ። ሠርካለም እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃ ፊታቸውን ታያለች። አባ አላመጡ፤ ቆም አሉ፤ እንደገና አላመጡ።

«ይኸ ነገር አፍ ውስጥ ይነፍሳል!» አሉ በመጨረሻ። «ምን ጨመርሽበት ልጄ?»

«ናና ነው አባታችን።»

«እስቲ ድገሚኝማ!»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ፤ ሳህን በየአቅጣጫው ተዘረጋ። ወይዘሮ በለጠች ምርኩዛቸውን ይዘው ብድግ አሉና፣ «የኔ ልጅ ናት! ከሰል ላይ ነው የጋገረችው!» እያሉ ላልጠየቃቸው ሁሉ አወሩ። ኬኩ ሊያልቅ ሲል አቶ መልከ ጼዴቅ የቀረችውን ቁራሽ አንስተው ራሳቸው አጎረሷት።

ሠርካለም ዓይኗን ጨፈነች። መጀመሪያ ቸኮሌቱ መጣ፣ ወፍራምና ሞቅ ያለ፤ ከኋላው ናናው ቀዝቀዝ ብሎ ተከተለ። አልበዛም፣ አላነሰም።

ዓይኗን ስትገልጥ ከዛሪማ የመጡ አንዲት እንግዳ ክንዷን ይዘዋል። «ልጄን በጥር ልድራት ነው፤ እንዲህ ያለ ኬክ ትሠሪልኛለሽ?»

«ስንት ደርብ ይሁንልዎት?» አለች ሠርካለም፣ ከንፈሯ ላይ ያለውን ክሬም እንኳ ሳትጠርግ።