ጣት የሚያውቅ ስልክ

በሶዶ፣ ከመናኸሪያው በላይ ባለው ሰፈር፣ ሰው ሞቶ ለመቀበር መጀመሪያ በአንጁሎ አፍ ማለፍ ነበረበት። አንጁሎ የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ ነው። ጎህ ሲቀድ ተነስቶ ጥሩምባውን ይነፋል፣ የሟቹን ስም ይጠራል፣ የቀብሩን ሰዓት ይናገራል፤ ሰፈሩም ጋቢውን እየደረበ ይወጣል። ቀን ቀን ለኮብልስቶን መንገድ ድንጋይ ሲጠርብ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ጠዋት ግን ሹመኛውም ነጋዴውም፣ ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም ከአልጋው የሚነሳው በእሱ ትእዛዝ ነው። ከጉኑኖ ወጥቶ ሶዶ ከገባ ወዲህ እንዲህ ያለ ክብር የሰጠው ሌላ ሥራ የለም። እንዲያውም፣ እግዜር ይቅር ይበለውና፣ ለቅሶ በጠፋ ሰሞን ፊቱ ይጠቁር ነበር።

ችግሩ ደረቱ ነው። የድንጋዩ አቧራ ይሁን እርጅናው፣ ትንፋሹ እያጠረ መጣ። በዚያ ዓመት ክረምት ሲገባ ከቁልቁለቱ በታች የሚኖሩት «ጥሩምባ አልሰማንም» ብለው ከአንድ ቀብር ቀሩ። የዕድሩ ሊቀመንበር አቶ ጌታሁን የዞን መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ስብሰባ ይወዳል። መሥሪያ ቤቱ በዚያ ሰሞን ሁሉን በግምገማና በአንድ ለአምስት ይዞት ስለነበር፣ እሱም ዕድሩን ለግምገማ ጠራው።

«የአሠራር ክፍተት ታይቷል» አለ፣ ንፍሮ እየቃመ። «ዘመኑ የለውጥ ነው ጋሽ አንጁሎ። ራስዎን ከዘመኑ ጋር ያራምዱ። ሌላ ቀብር ከተበላሸ ጥሩምባው ለእስራኤል ይሰጣል።»

እስራኤል የሰፈሩ ሥጋ ሻጭ ነው፤ ደረቱ እንደሚሸጠው በሬ ሰፊ ነው። ጥሩምባ አምጡልኝ አላለም፤ ይምጣልህ ሲሉት ግን እምቢ አላለም። አንጁሎ ያን ቀን ምሳ አልበላም።

በማግስቱ ያረባውን በግ ሸጦ ወደ ሜላት ሱቅ ሄደ። ሜላት ስልክ ትሸጣለች፣ መዝሙርና ዘፈንም ትጭናለች። ስልክ ከመስታወቱ ሥር አወጣችና በቀጭን ጣቷ ዳሰስ አደረገችው። ስልኩ እንደ ለማዳ ድመት ታዘዛት።

«ተች ነው ጋሼ» አለችው። «ቁልፍ የለውም። ጣት ያውቃል።»

እውነቱን ለመናገር ስልኩ ብዙ መልካም ነገር ነበረው። ፊደሉ ያለ መነጽር ይነበባል። የቀረጸውን ድምፅ ጥርት አድርጎ ይመልሳል። ድሮ ቤቱ የነበረው ቴፕ ክሩን እያኘከ የሚተፋውን ዓይነት ጣጣ የለውም። አንጁሎ ወዲያው ገባው፤ ደረቱ ደህና በሆነበት ቀን ጥሩምባውን አንድ ጊዜ ነፍቶ ይቀርጸዋል፣ ከዚያ በኋላ ስልኩን ከዕድሩ ድምፅ ማጉያ ጋር አስሮ እስከ ዕለተ ሞቱ ሲያስነፋው ይኖራል። እስራኤልም ሥጋውን ይሽጥ።

ስልኩ ግን የሜላትን ጣት እንጂ የአንጁሎን ጣት አላወቀም። ድንጋይ ሲጠርብ የኖረ አውራ ጣት ቆዳው ራሱ ድንጋይ ነው፤ ቢነካው፣ ቢጫነው፣ ቢደበድበው ስልኩ ዝም። አሮጌው ባለ ቁልፍ ስልኩ ቢሆን በጨለማ፣ በኪስ ውስጥ፣ በጭቃ እጅ ሳይቀር ቁጥሩን በዳበሳ ያገኝለታል። ድንጋይ ላይ ሲወድቅም ተበታትኖ ይለቀምና እንደገና ይሠራል። አዲሱ ግን መያዣ መጨበጫ የሌለው ሜዳ ነው፤ ዓይንን ሳይተክሉ የት እንደረገጡ አይታወቅም። ፀሐይ ላይ ሲያወጡት ደግሞ የራስን ፊት እንጂ ሌላ አያሳይም። ጆሮ ላይ ሲለጥፉት ጉንጭ ስልኩን ይዘጋል። ሲመሽ ቻርጁ ያልቃል።

«ጣቴን አላውቅም አለኝ» ብሎ ለሚስቱ ለዓመለወርቅ ነገራት።

«ሥራ የማያውቅ ጣት ነው የሚወደው ማለት ነው» አለችው። «ለእነ አቶ ጌታሁን የተሠራ ይሆናላ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር አሉ።»

ሰውየው ግን እልኸኛ ነው። ከገላው ላይ ድንጋይ ያልነካውን ቦታ ሲፈልግ ሰንብቶ በመጨረሻ አገኘ፤ አፍንጫው። ከዚያ ወዲያ አንጁሎ ስልክ የሚነካው በአፍንጫው ሆነ። መዝሙር ሲከፍት ያየው ሰው ስልኩን የሚስም ይመስለው ነበር።

ጥሩምባውን ቀረጸ፤ አማረለት። ቀጥሎ ልፈፋውን ሊሞክር ፈለገ። ልፈፋ ደግሞ የሟች ስም ይጠይቃል። በሕይወት ያለን ጎረቤት «ሞተ» ብሎ መጥራት ሟርት ነው፤ ቢደርስበት ማን ይመልሳል? የተቀበረውን ሁለተኛ መጥራት ደግሞ ነፍሱን ማወክ ነው። አንጁሎ አሰበ፣ አሰበና በሚያምር ድምፁ «የሰፈራችን ነዋሪ አቶ አንጁሎ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል» ብሎ ቀረጸ። በራስ ላይ ሟርት አይቆጠርም ብሎ ነው። ዓመለወርቅ ገበያ ስለነበረች አልሰማችም። ደጋግሞ አዳመጠውና፣ ነውር እንዳይሆን ይጥፋ ብሎ በአፍንጫው ማጥፊያውን ነካ። ስልኩ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጠየቀው። አንጁሎም በትሕትና ከሁለቱ መልሶች አንዱን በአፍንጫው ነክቶ፣ ልፈፋው ጠፍቷል ብሎ ተቀመጠ።

ሐምሌ ላይ አንድ ጎህ ሲቀድ ጌታሁን በሩን አንኳኳ። በገበያ ቅቅል ቦይና፣ ያው ጎደሬ፣ የምትሸጠው ጥሩነሽ በእንቅልፏ ሞታለች፤ ልጇ እየሩስ አረካ ስለሆነች ተደውሎላታል። ጥሩነሽ ባሏ የሞተባት፣ ዘመድ የሌላት ሴት ናት፤ ጥሩምባው ካልጠራላት የሚመጣ የለም።

አንጁሎ የጥሩነሽን ስም ቀረጸ፣ ስልኩን ከድምፅ ማጉያው ጋር በሲባጎ አስሮ አንገቱ ላይ አንጠለጠለ፣ በአፍንጫው ከፈተና ወጣ። እንዲደጋግምም አዞታል። «ወይዘሮ ጥሩነሽ» የሚለው አንድ ጊዜ እንደተሰማ ዝናቡ ወረደ። የአንጁሎን አውራ ጣት ያላወቀው ስልክ የዝናቡን ጠብታ አወቀ። አንዱ ጠብታ አንዱን ነካ፣ ሌላው ሌላውን ነካ፣ ስልኩም ከጥሩነሽ ዘልሎ ጠፋ የተባለው የአንጁሎ ልፈፋ ላይ ገባና እዚያው ቀረ። የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ ይሉ የለ?

እሱ ቃሉን አልለየም። ዕድሜ ልኩን ከጥሩምባ ሥር የኖረ ጆሮ ነው፤ በዚያ ላይ ጋቢ ተከናንቧል፣ በዚያ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። የራሱ ድምፅ በሰፈሩ ሲያስተጋባ ብቻ ይሰማዋል። እንዲህ አምሮበት አያውቅም። ቁልቁለቱን ሳይቀር ወርዶ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ የራሱን ሞት ለአንድ ሰፈር ለፈፈ።

ጨርሶ ጥሩነሽ ቤት ሄዶ ተቀመጠ። ማንም የለም። ሁለት አሮጊቶች ሬሳውን ይጠብቃሉ። ጠበቀ። ዝናቡ ቆመ፣ ፀሐይ ወጣ፣ ሰው የለም። «ሰው ጨካኝ ሆኗል፤ ደሃ ስለሆነች ነው» አለ። ለጌታሁን ሊደውል አፍንጫውን አስጠጋ። ስልኩ ረጥቦ አፍንጫውንም ካደ። ሰፈሩን በአካል ሊሰድብ ተነሳ።

በራሱ ደጅ ላይ የዕድሩ ድንኳን ተተክሏል። ሰፈሩ ሞልቶ ያለቅሳል። አንጁሎ ዓመለወርቅ ሞታለች ብሎ ነው ያሰበው። ምንም ሌላ ነገር አልታየውም። እየጮኸ ሮጠ።

እዚያ ደግሞ ጉዳዩ ተጣርቶ አልቋል። ገና ጠዋት አንዷ ሴት፣ ሟች ራሱን እንዴት ይለፍፋል ብላ ጠይቃ ነበር፤ ጡረተኛው መምህር ወልደመስቀል አስረዷት።

«ስልኩ ተች ነው» አሉ። «ጣት ሲነካው ይሠራል አይደል? ጣት ሲቀዘቅዝም ያውቃል። አውቆ ነው የለፈፈው።»

የተማረ ሰው ተናግሯልና ማንም አልተከራከረም። ሬሳውን ለማግኘት እስራኤል ቦይ ለቦይ እየፈለገ ነበር።

ሟቹ ድንኳኑ ውስጥ እያለቀሰ ሲገባ የሆነውን መናገር አያስፈልግም። ዓመለወርቅ መጀመሪያ አቀፈችው፣ ቀጥላ በጥፊ መታችው፣ ቀጥላ እንደገና አቀፈችው። ጌታሁን ከጥሩነሽ ሣጥን ግዢ ሲመለስ ነገሩን ሰማና እዚያው ቆሞ ገመገመ። «በቴክኖሎጂ አጠቃቀም ከባድ ችግር» አለ። ጥሩምባውን ከአንጁሎ ቤት ግድግዳ አውርዶ ለእስራኤል አንገት ላይ አጠለቀለት። አንጁሎ አየ። የመጣው ሰው ግን እየሳቀ ወደየቤቱ ሊበተን ሲል ድንጋይ ላይ ወጣ።

«ጥሩነሽ ናት የሞተችው» አለ፣ ያለ ማጉያ በባዶ አፉ፣ እያሳለ። «ብቻዋን ናት። ለእኔ የመጣችሁትን ለእሷ አድርጉልኝ።»

ሳቁ ቆመ። ድንኳኑ ተነቀለ፣ ወንበሩ ተነሳ፣ ለአንጁሎ የተቀቀለው ንፍሮ ሳይቀር በጥሩነሽ ደጅ ተዘረጋ።

እየሩስ ከአረካ በሚኒባስ ስትመጣ መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምታስበው፤ እናቴን ማን ይሸከማታል የሚለውን። ሰፈሩ ደርሳ እስከ ኮብልስቶኑ ድረስ የቆመውን ሰው ስታይ የሌላ ሰው ቀብር መሰላት።

«የማን ለቅሶ ነው?» አለች።

«የጥሩነሽ» አሏት። ጭቃው ላይ ቁጭ አለች።

ከቀብር መልስ፣ ድምፅዋ ተዘግቶ፣ ጌታሁንን ጠየቀችው። «ይሄን ሁሉ ሰው ማን ጠራልኝ አቶ ጌታሁን? እናቴ እኮ ሰው የላትም።»

  ጌታሁን የሚናገረው የስብሰባ ቃል ፈለገ፤ ዛሬ አልመጣለትም።

«ጋሽ አንጁሎ ናቸው የጠሩን» አለ።

ልጅቷ የአንጁሎን ጉልበት ልትስም ጎንበስ አለች፤ ብብቷን ይዞ አነሳት። እስራኤል ማንም ሳያዘው ጥሩምባውን አውልቆ ዘረጋለት። አንጁሎ እጁን አልሰደደም።

«ዛሬ አንተ ጋ ይደር» አለው። ከእየሩስ አጠገብ የለቀስተኛ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሰውን ሁሉ ለለቅሶ ሲጠራ ኖሮ እሱ ግን ተቀምጦ ያለቀሰው ያን ቀን ነበር።