ጊፋታን የረሳ ስምምነት

ጋብቻችን ሲፈርስ ስምምነቱን ሳንጨቃጨቅ ነው የጻፍነው። ልጃችን ሶዶ ከተማ ከእኔ ጋር ትኖራለች፤ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜና እሑድን ቦዲቲ አባቷ ቤት ታሳልፋለች፤ ገና ከእኔ ጋር፣ ፋሲካ ከእሱ ጋር። ያዘጋጀልን ባለሙያ ለሥራ ከሌላ አካባቢ የመጣ ሰው ስለነበር የሚያውቃቸውን በዓላት ጻፈ። እኛም አንብበን ፈረምን፣ ፍርድ ቤቱም አጸደቀው። ወላይታ ተወልደን ያደግን ሁለት ሰዎች፣ ዓመት የሚለወጥበትን፣ ዘመድ ሁሉ የሚሰበሰብበትን ጊፋታን ረሳን። ያን ሰሞን ማናችንም በዓል ትዝ የሚለን አልነበርንም።

እሱ በዓመቱ ሌላ አገባ። ሴትዮዋ ቦዲቲ ውስጥ ጸጉር ቤት አላት። ባሌን ቀማችኝ ብዬ አልዋሽም፤ የመጣችው እኛ ከተለያየን በኋላ ነው። የቀናሁት በእጇ ነው። እኔ ስምንት ዓመት ሙሉ በላስቲክ ለሁለት ከመቋጠር ሌላ የማላውቅበት የልጄ ጸጉር፣ እሑድ ከሰዓት ቀጭን ሹሩባ ሆኖ፣ ጫፉ ላይ ዶቃ ተሰክቶበት ይመጣል። ጎረቤት ሁሉ ያደንቃል። ማን ሠራሽ ሲሏት "አክስቴ" ትላለች። የምን አክስት ነው?

"ለትምህርት ቤት አይሆንም" እላታለሁ። እዚያው ትምህርት ቤት አስተማሪ ስለሆንኩ እንዲህ የሚል ደንብ እንደሌለ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። ዱካ ላይ አስቀምጬ አንድ በአንድ እፈታዋለሁ። እጄ እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ቀስ ማለት ግን አልችልም ነበር። ልጄ አታለቅስም፣ አንገቷን ሰበር ታደርጋለች።

ባለፈው ዓመት ጊፋታ ሲቃረብ አባቷ ደወለ። ልጅቷን ለሳምንት እናቱ ዘንድ ሊወስዳት ፈልጓል።

"ስምምነቱ ላይ የለም" አልኩት።

"ጊፋታም ወረቀት ይፈልጋል እንዴ?" አለኝ።

እሺ ብል ልጄ ሳምንት ሙሉ በዚያች ሴት እጅ ልትሆን ነው። ስልኩን ዘግቼ በቀጥታ ጠበቃ ቤት ሄድኩ። ጠበቃው የድሮ ተማሪዬ ነው። ልጄ ሴትዮዋ ባለችበት እንዳታድር የሚከለክል አቤቱታ ጻፍልኝ አልኩት።

"ትመታታለች እንዴ ቲቸር?"

"አትመታትም።"

"ታስርባታለች?"

"ጠግባ ነው የምትመጣው።"

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ? ጸጉሯን ትሠራታለች ብዬ?"

ተቆጥቼ ሌላ ጠበቃ ጋ ሄድኩ፤ ያኛው ጻፈልኝ። ዳኛዋ ግን ልጅቷን ቢሮ አስገብተው ለብቻዋ አነጋገሯት። ዳኛዋ ለልጅቷ የሚበጀው ሁለቱንም ወገን ማወቋ ነው ብለው ጊፋታ በየተራ እንዲሆን ወሰኑ። የመጀመሪያው ተራ የአባቷ ሆነ።

በዓሉን ብቻዬን አሳለፍኩ። ጎረቤቶቼ ቁርጥ ሥጋውን ከዳታ በርበሬ ጋር ይዘውልኝ መጡ፤ እኔ ግን ቦዲቲ ላይ ልጄን ጉልበቷ መሐል አስቀምጣ ዶቃ የምትሰካዋን ሴት ነበር የማስበው። መልኳን እንኳ በደንብ አላውቀውም። እጇን ግን አውቀዋለሁ።

በሳምንቱ አባቷ መለሳት። በሩን ስከፍት ጸጉሯ ተበትኗል፣ ተንጨባሯል። ደስ አለኝ፤ ሳፍርበት የምኖረው ደስታ ነው። ይኸው፣ በዓሉ ሲያልፍ ማንም ዞር ብሎ አላያትም አልኩ በልቤ። ማበጠሪያ አንስቼ ዱካው ላይ አስቀመጥኳት።

"ለበዓሉ አልሠራችሽም እንዴ?" አልኳት፣ አባቷ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

"ሠርታኝ ነበር። ሚኒባስ ውስጥ ራሴ ፈታሁት።"

"ለምን?"

"አንቺ ስትፈቺው ያመኛል።"

ከዚያ ከኪሷ የተቋጠረ መሐረብ አወጣችና ዶቃዎቹን እጄ ላይ አፈሰሰቻቸው፤ አንድም አልጣለችም። አባቷ በሩ ላይ ቆሞ መሬት መሬት ያያል። ከቦዲቲ እስከ ሶዶ አጠገቧ ተቀምጦ፣ ስትፈታ እያየ ነው የመጣው።