መርዶ ነጋሪዋን ሊሸልሙ የመጡ ዕለት

ካይሮ በኖርኩባቸው ዓመታት በማለዳ በሩን አንኳኩቼ ደስ ያለው ሰው አላስታውስም። አልፈርድባቸውም፤ ሥራዬ ነበር። እንጀራዬን የምበላውማ ዶኪ በሚባል ሰፈር በሚገኝ አንድ የሕፃናት ማቆያ የሰው ልጅ እያባበልኩ ነው። መርዶ መንገር ግን በፈቃዴ የያዝኩት፣ ማንም ያልቀጠረኝ፣ ማንም ሊያሰናብተኝም የማይችል ሥራ ነበር። ጎበዝም ነበርኩ። «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» ብትሉኝ ግድ የለኝም፤ በፋይሰልም በሀረምም ሰፈር ከሚኖረው ሐበሻ ውስጥ የእኔን ያህል መርዶ የሚያውቅበት አልነበረም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከመጀመሪያው ልነሳ። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በዘጠናዎቹ ካይሮ ከነበሩት የአገሬ ሴት ልጆች ብዙዎቹ ሰው ቤት ተቀጥረው እዚያው የሚያድሩ ነበሩ። አባቷ የሞተባት ልጅ በአሠሪዋ ማድ ቤት ቆማ በስልክ ብትሰማ ማን ይይዛታል? ማንስ አብሯት ያለቅሳል? ስለዚህ አገር ቤት ያሉ ዘመዶች ለልጅቷ አይደውሉም፤ ለእኛ ለካይሮ ሐበሾች ማኅበር ሰዎች ይደውላሉ። እኛም ዓርብ፣ የዕረፍት ቀኗ፣ እስኪደርስ አፋችንን ይዘን እንቆያለን።

ዓርብ ጠዋት በሰበብ አንዳችን ቤት እንጠራታለን፤ የራሷ ቤት ያላት ከሆነች ደግሞ እኛው ሄደን እናንኳኳለን። መጀመሪያ ቁርስ እናበላታለን፤ መርዶ በባዶ ሆድ አይቻልም። ጠረጴዛውን ወደ ጥግ እንገፋለን፣ ብርጭቆውን እናነሳለን፣ ጠንከር ጠንከር ያሉ ሴቶች ግራና ቀኟ ይቀመጣሉ። የሕንፃውን በዋብ፣ ማለትም ዘበኛውን፣ ጩኸት ሲሰማ ፖሊስ እንዳይጠራ አስቀድሜ እነግረዋለሁ። ከዚያ ቀስ ብዬ «አባትሽን ትንሽ አሟቸዋል» እላለሁ። ልጅቷ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። «ደኅና ናቸው አይደል?» ትለኛለች። «ኧረ ደኅና ናቸው» እላታለሁ። ይህን ጊዜ ገብቷታል። ነጠላችንን አዘቅዝቀን ስንለብስ ለቅሶው ይጀመራል። እስላምም ትሁን ክርስቲያን ወጉ ያው ነው፤ የሚለየው ጸሎቱ ነው።

በዚህ የተነሳ ሰው ይፈራኝ ነበር። ገበያ መሐል ከሩቅ ሲያዩኝ መንገድ የሚሻገሩ ልጆች ነበሩ። አንዳንዴ ለተንኮል ብዬ ከኋላቸው ደርሼ «ምነው በሰላም?» እላለሁ፤ ደማቸው ሲመለስ አብረን እንስቃለን።

በዚያው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሁለት ሺህ አልፎ ጥቂት ዓመታት እንደሄዱ ማኅበራችን በጎ ፈቃደኞቹን ለመሸለም ተነሳ። ሊቀመንበሩ የአየር መንገድ ቢሮ ሠራተኛ ነው፤ ክራባት ሳያስር ከቤት የማይወጣ፣ ነገር ሁሉ በደንብ እንዲሆን የሚፈልግ ደግ ሰው። ለሌሎቹ ሽልማታቸው አዳራሽ ውስጥ እንዲሰጥ ተስማሙ። የእኔ ጉዳይ ሲነሳ ግን «እሷማ ስንት ዓመት የሰው ቤት ስታንኳኳ ኖራለች፤ እኛ ደግሞ ቤቷ ድረስ እንሂድላት፤ ድንገት እንድረስባት» አለ አሉ። ሐሳቡን ሁሉም ወደደው። መቼ? ሰው ሁሉ የሚያርፈው ዓርብ ነውና ዓርብ ጠዋት። ምን ለብሰን? የክብር ነገር ነውና ነጭ በነጭ። ማን ማን ይሂድ? እኔ መርዶ የነገርኳቸው ሰዎች። ያ ሁሉ ሰው ተሰብስቦ፣ ከመካከላቸው «ቆይ፣ ይኼ ነገር ምን ይመስላል?» ያለ አንድም አልነበረም።

እናቴ ደግሞ በዚያ ሰሞን ታማብኝ ነበር። ደብረ ብርሃን ነው ያለችው፤ ቤቷ ስልክ ስለሌለ የምንነጋገረው በጎረቤት ስልክ ነው። ከፋሲካ ወዲህ ድምፅዋ ሰልሎ፣ ሁለት ቃል ተናግራ ትንፋሽ የምትሰበስብ ሆናለች። ለማንም አልተናገርኩም እንጂ ከእንቅልፌ ስነቃ መጀመሪያ የማስበው እሷን ነበር። ሰው ሲሞት ዜናው ለማኅበሩ እንደሚደወል ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

የዚያን ዓርብ ጠዋት የቤት ተጋሪዬ ከወትሮዋ ቀድማ ተነስታ ፉልና ዕንቁላል ሠራች። «ብዪ እንጂ፣ ጨምሪ» እያለች አፋጠጠችኝ። እሷ ለሰው ምግብ የምትሠራ ሴት አይደለችም። ከዚያ ጠረጴዛውን እየጎተተች ወደ ጥግ ወሰደችው።

«ምን ልትሆኚ ነው?» አልኳት።

«ልጠርግ ነው» አለችኝ፤ መጥረጊያ ግን አልያዘችም።

በሩ ተንኳኳ። ስከፍተው ደረጃው እስከ ታች ነጭ ለብሷል። ከፊት ሊቀመንበሩ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቆሟል። ከጎኑ፣ የአባቷን መርዶ እኔ የነገርኳት፣ ከዚያ ወዲህ እትዬ እያለች የምትጠራኝ ልጅ አለች። ሁሉም ከንፈራቸውን ገጥመዋል። ሳቅ ሊያመልጣቸው እየታገሉ ኖሯል፤ ዕንባ የሚታገል ሰው ፊትም ልክ እንደዚያው ነው።

«እንደምን አደርሽ እህቴ» አለ ሊቀመንበሩ። «ቁርስ በላሽ?»

«እማዬ ናት» አልኩ።

«እ?»

«እማዬ ናት አይደል? ንገሩኝ!»

ሰውዬው ፊቱ ተለዋወጠ። «ኧረ እናትሽ ደኅና ናቸው!» አለ።

ይኸን ቃል ስንት ልጅ ፊት ተቀምጬ ብዬዋለሁ! እሪ ብዬ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። «በእግዚአብሔር ስም እምልልሻለሁ፣ ልንሸልምሽ ነው የመጣነው!» እያለ ከኋላው ስሜ የተጻፈበት የመስታወት ዋንጫ አወጣ። ጭራሽ ባሰብኝ። «እናቴን ቀብራችሁ ዋንጫ ታመጡልኛላችሁ!» አልኩት። በማለ ቁጥር ይበልጥ አረጋገጥኩ፤ እኔም ምዬ አውቃለሁና። ሴቶቹም ሊያባብሉኝ ቢገቡ የየራሳቸው ሟች ትዝ አላቸው መሰለኝ፣ አንዷ አባቷን፣ አንዷ ወንድሟን እየጠሩ ያለቅሱ ጀመር። ማንም ያልሞተበት ቤት ውስጥ ደህና ለቅሶ ተቀመጥን። የቤት ተጋሪዬ «የእኔ ጥፋት ነው፣ ጠረጴዛውን ባልነካው» እያለች ትንሰቀሰቃለች። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይሉታል፤ እኔ ግን እባቡን ያየሁ ብቻ ሳልሆን ለሰው ሁሉ ሳሳይ የኖርኩ ነበርኩ።

ከሁሉም ልብ የነበራት ያቺ ልጅ ናት። ብብቴ ውስጥ እጇን አግብታ «እትዬ፣ ተነሺ» አለችኝ። «ማንንም አትመኚ፤ እኛንም አትመኚ። ሄደን እንደውልና ድምፃቸውን በገዛ ጆሮሽ ትሰሚያለሽ።»

በመርዶ ነጋሪነት ከእኔ እንደምትበልጥ ያን ጊዜ ገባኝ። ተነሳሁ።

ደረጃውን በሰልፍ ወረድን። ታች ስንደርስ በዋባችን ከወንበሩ ብድግ አለና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ኤል-በኢያ ፍ ሐያቲክ» አለኝ። የቀረው ዕድሜ ለአንቺ ይሁን ማለት ነው፤ ግብፆች ሰው ለሞተበት ነው የሚሉት። ለስንት ዓመት ነጭ ለብሼ ስወጣ ሲያየኝ ከርሞ፣ ምስኪን፣ የተማረው ከእኔ ነው። ተመልሼ ልወድቅ ስል ሊቀመንበሩ «ላእ! ላእ! ማንም አልሞተም!» ብሎ በአረብኛ ጮኸበት። «ማሌሽ ያ ኡስታዝ»፣ ይቅርታ ጌታዬ፣ አለ በዋቡ፣ ሁላችንንም በሐዘኔታ እያየ።

ፋይሰል መንገድ ላይ ወዳለው ሴንትራል፣ ወደ ስልክ ቤቱ፣ ገባን። ባለ መስታወቱ ክፍል ውስጥ ብቻዬን ዘጉብኝ። ጎረቤቷ አነሳችው። «እማዬን ጥሪልኝ» ስላት «ቆይ» ብላ ስልኩን አስቀምጣ ሄደች። ወንድ ከመጣ አበቃ አልኩ በልቤ፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ስልኩን የሚይዘው ወንድ ነው። በር ሲንቋቋ ሰማሁ። የሚጎተት ጫማ ሰማሁ። ከዚያ ያ የሰለለ ትንፋሽ መጣ።

«ማን ሞተ?» አለች እናቴ።

እሑድ እሑድ ብቻ ነበር የምደውልላት።

«ማንም አልሞተም፣ እማዬ።»

«አትዋሺኝ! ወንድምሽ ነው? እያለቀስሽ አይደል እንዴ?»

«ደስ ብሎኝ ነው» አልኩ፤ ሳቁም ልቅሶውም አንድ ላይ መጣብኝ። «ሊሸልሙኝ መጥተው ነው።»

«ምን ሠርተሽ?»

ነግሬያት አላውቅም ነበር። ባሏን የቀበረች፣ ሁለት ልጅ የቀበረች ሴት ናት፤ ልጅሽ በሰው አገር የሞት ወሬ ታደርሳለች ብዬ ምን ላስደስታት? አሁን ግን መዋሸት አስጠላኝ።

«መርዶ እነግራለሁ፣ እማዬ። እዚህ ላሉት ልጆች፣ ሰው ለሌላቸው። ብቻቸውን እንዳይሰሙ።»

ትንፋሽዋን ስትሰበስብ እሰማለሁ። «እማዬ?» አልኩ።

«የእኔንስ?» አለች። «የእኔንስ ማን ይነግርሻል?»

ዞር አልኩ። በመስታወቱ ማዶ ነጭ የለበሰው ሁሉ ስልክ ቤቱን ሞልቶ፣ የቀረው መንገዱ ላይ ቆሞ፣ ከንፈሬን ያያል። ሊቀመንበሩ በክራባቱ ጫፍ ዓይኑን ይጠርጋል። ልጅቷ ጫማዬን በሁለት እጇ ይዛለች፤ በባዶ እግሬ ወጥቼ ኖሯል።

«ሰው አለኝ፣ እማዬ» አልኳት። «እዚሁ በሩ ላይ ቆመዋል።»

«ሰው ካለሽማ አልሰጋም» አለችና፣ ደኅና ዋዪ እንኳ ሳትለኝ ስልኩን ዘጋችው።