ሀዋሳን ያሳጣኝ እንቆቅልሽ

ታላቅ ወንድሜ ታደሰ፣ በትክክል የፈታሁትን እንቆቅልሽ አልፈታሽም ብሎ ሀዋሳን ወስዶብኛል። ይህ በጽሑፍ እንዲቀመጥልኝ እፈልጋለሁ። ዛሬም አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ወርጄ የረጠበ መረብ ሽታ፣ ዓሣውንም ጭቃውንም ቄጠማውንም አንድ ላይ የያዘው ያ ሽታ ሲመጣብኝ፣ የሚታወሰኝ ያ ቀን ነው።

ክረምት ነበር። አባታችን ዓሣ አጥማጅ ስለነበር፣ ሐይቁ ሲናወጥ በረንዳው ላይ ተቀምጦ የተቀደደ መረብ ይጠግን ነበር፤ እኛም ከእግሩ ሥር ተኮልኩለን፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እየሰማን፣ እንቆቅልሽ እንጫወት ነበር። ያልፈታ ሰው አገር ይሰጣል፤ ጠያቂውም አገሩን ወስዶ፣ ተሳልቆበት፣ ከዚያ መልሱን ይነግረዋል። እስከዚያ ድረስ መልሱን የሚያውቀው ጠያቂው ብቻ ነው። የጨዋታው ቀዳዳ እዚህ ላይ ነበር።

«እንቆቅልሽ» አለኝ ታደሰ።

«ምን አውቅልህ።»

«ቤቷ ሁሉ መስኮት፣ እንግዳዋ ይገባል እንጂ አይወጣም።»

አፉን ሳይገጥም «መረብ!» አልኩት።

ዓይኑ ወደ አባባ ጉልበት ሄደ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ጣሪያው ጥግ ቀና አለ። «አይደለም። አገር ስጪኝ።»

«ነው እንጂ! ቀጣፊ!»

«አገር አልኩሽ!»

ይርጋለምን ሰጠሁት፣ አልፈልግም አለ። ዲላን ሰጠሁት፣ ሻሸመኔን ጨመርኩለት፣ አልበቃውም። የፈለገው ሀዋሳን ነበር። አባባን ቀና ብዬ ባየው፣ መርፌውን ሳያቆም «ጨዋታ አይደል ልጄ፣ ስጪውና ተገላገይ» አለኝ። እያለቀስኩ ሰጠሁት።

«ሀዋሳ ገብቼ፣ ዓሣውን በልቼ፣ እሾሁን ላንቺ ላክሁ! መልሱ የሸረሪት ድር ነው።»

ክረምቱ አልፎ ሐይቁ ሲረጋ፣ ውሃው የወንድሜ ንብረት ስለመሰለኝ እግሬን መንከር እፈራ ነበር። እማማ ውሃ ቅጂ ስትለኝ፣ እንስራዬን አዝዬ ዳር ላይ ቆሜ እሱን እጠብቅ ነበር፤ እሱም አንዳንዴ እንደ ባላባት እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ «ለዛሬ ፈቅጄልሻለሁ» ይለኝ ነበር። በጋ ሲገባና ነፋሱ ከሐይቁ ሲነሳ ደግሞ፣ ታደሰ ከተማዋን ከነዛፎቿ፣ ከነወፎቿ፣ ከነጀልባዎቿ እንደ ሰሌን ጠቅልሎ ተሸክሟት ሲሄድ፣ እኔም ባዶ ሜዳ ላይ ስቀር በሕልሜ አየው ነበር።

ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ሐቅ ግን ክፍል አይቆጠርለትም። አግብቼ፣ ወልጄ፣ የልጅ ልጅ አይቼም በየዓመቱ ጠየቅኩት። እሱም የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆኖ፣ የሰውን ጠብ ሁሉ እያስታረቀ፣ ለእኔ ሲሆን «የሸረሪት ድር» ይላል።

የልጅ ልጄ ቤቴል አሁን እንቆቅልሽ የምትጫወተው ከስልኳ ጋር ነው፤ አእምሮ ያሠራል ትላለች። ስልኩ መልሱን አይለውጥባትም፣ አገርም አይወስድባትም፤ በዚህ እቀናባታለሁ። ደግሞም ስትፈታ የሚያኮርፍ፣ ስትስት ዓሣዋን የሚበላባት የለም፤ በዚህ ታሳዝነኛለች።

ባለፈው ቅዳሜ ሦስታችን ሐይቁ ዳር ተቀምጠን ሳለ፣ ቤቴል ታደሰን በእንቆቅልሽ ታጣድፈው ጀመር። የስልኳ ሲያልቅባት፣ ድሮ ከእኔ የሰማችውን አመጣች። እኔ አላዘዝኳትም፤ ይህም ይጻፍ።

«አባባ ታደሰ፣ ይቺን ደግሞ ይሞክሯት። ቤቷ ሁሉ መስኮት፣ እንግዳዋ ይገባል እንጂ...»

«መረብ!» አለ፣ አፏን ሳትገጥም።

ዞሬ አየሁት። በከዘራው አሸዋውን ሲጭር ቆየና፣ ቀና ሳይል እንዲህ አለኝ፦

«ሦስት ቀን ሙሉ አስቤ ያወጣኋትን በአንድ ትንፋሽ ፈታሽብኝ። ምን ላድርግ? መረብ ነበር። በይ፣ ሀዋሳሽን ውሰጂ።»