ስማቸው ያልተጻፈበት መዝሙር

አጎቴ ጋሼ ካረፉ ዛሬ አርባ ቀናቸው ነው። ዴንቨር ውስጥ ታክሲ እየነዱ፣ ተሳፋሪ ሲጠብቁ መዝሙር ይጽፉ ነበር። አውሮራ ላለችው ቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ይሰጡና ዝም ይላሉ፤ «ማን ጻፈው?» ሲባል ቀና ብለው እንኳ አያዩም።

አንድ ዓመት ከመዘምራኑ አንዱ ሲዲ አወጣ። የጋሼ መዝሙር አለበት፤ ሽፋኑ ላይ ግን ግጥሙ የራሱ ነው ተብሎ ተጽፏል። ተናድጄ ጋሼን ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ላይ አገኘኋቸውና ሲዲውን ታክሲያቸው ውስጥ ከፈትኩላቸው። ፓርክ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ነው እኮ! ስምዎ የለም!»

«እንዴት አሳምሮ ዘመረው!» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ምስጋናው ለእግዚአብሔር ነው፤ ልጁን በሰው ፊት እንዳታሳፍሪብኝ።»

በሚቀጥለው እሑድ ሄደው ግንባሩን ሳሙት። እኔ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላም አላልኩትም።

የቀብራቸው ዕለት ያ ዘማሪ አስከሬናቸው አጠገብ ቆመና «መዝሙሩ የእሳቸው ነው፤ እያወቁ ዝም አሉልኝ» ብሎ አለቀሰ። ስንት ጊዜ የተመኘሁት ቀን ነበር፤ ደስ ግን አላለኝም። እጄን ይዘው «ተይው፣ ልጄ» የሚሉኝን ጋሼን ብቻ ነበር የፈለግኩት። ሄጄ ዘማሪውን አቀፍኩት። ጋሼ ግን አላዩንም።