ሁለት ፉርጎ በአንድ ቦጂ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራዬ ባቡር ማየት ነው፣ በስልክ። ልጄ ኢንዱስትሪ ፓርክ ስፌት ትሠራለች። ከታይዋን ገበያ ስልክ ገዝታ አመጣችልኝና አንድ ጊዜ ባቡር ፈልጋ አሳየችኝ። ከዚያ በኋላ ስልኩ ራሱ የዓለሙን ባቡር ሁሉ እየጎተተ ያመጣልኛል። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፣ ረጅም ጽሑፍ ያደክመኛል። መንኮራኩር ለማየት ግን ፊደል አያስፈልግም። ዕድሜዬን የጨረስኩት እዚሁ ድሬ፣ በድሮው ባቡር ጥገና፣ መንኮራኩር ስፈታና ስገጥም ነው።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ ከተማው በሙቀት በሩን ዘግቶ ጋደም ባለበት ሰዓት፣ የጃፓን ባቡር መጣልኝ። ጠዋት ሠራተኛ ወደ ሥራ አድርሶ ማታ ወደ ቤት የሚመልስ ዓይነት ነው። ካሜራው ጎንበስ ብሎ ሥሩን ሲያሳይ እኔም ከተጋደምኩበት ተነሣሁ። መቼም ፉርጎ ማለት ሁለት ቦጂ ላይ የሚቀመጥ ነገር ነው። ቦጂ የምንለው መንኮራኩሮቹንና ባሌስትራውን የያዘው ጋሪ ነው፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ይሆናል። በዚህኛው ግን ሁለት ፉርጎዎች ጫፍ ለጫፍ ገጥመው አንድ ቦጂ ይጋራሉ፤ አንድ ትራስ ላይ እንደተኙ ወንድማማቾች።

ልጄ ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ ስልኩን ሰጠኋት።

«አባዬ፣ ደግሞ ባቡር?»

«አንብቢልኝ እስቲ። ስለዚህ ስለ መካከለኛው ቦጂ ምን ይላል?»

አነበበችልኝ። ባቡሩ ለሙከራ የተሠራ ነው። አሥራ አራት ፉርጎ አለው፣ እያንዳንዱ ከተለመደው አጠር ያለ። ቦጂ የተጋሩት ቁጥሩ እንዲቀንስና ባቡሩ እንዲቀል ነው። ሞተሩ መሀል ላይ የማርሽ ጥርስ ሳይኖረው መንኮራኩሩን በቀጥታ ያዞራል። አንዳንዱ ወንበርም ይዞራል፤ ሰው ሲበዛ ግድግዳውን ተደግፎ ይደረደራል፣ ሰው ሲቀንስ ወደ መንገዱ ይዞራል። ወንበሩን ሁለት ጊዜ አስነበብኳት።

«ታዲያ ዛሬም ይሄዳል?»

«የለም። ሥራ እንደጀመረ ችግር ገጠመው፣ ብዙውን ጊዜ ቆሞ ነው ያሳለፈው ይላል። በኋላ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ይሄድ ነበር። መጨረሻ ላይ ፈታተው ጣሉት። ሌላ አልደገሙም።»

«ምን ነበር ችግሩ?»

«በደንብ አይልም አባዬ። ልብላ?»

ብዪ ብያት እሷ በላች፣ የኔ አሳብ ግን ሳቢያን ሰፈር ሄደ፣ ሼፍ ቤት።

ሼፍ የምንለው የጥገናችን አለቃ የነበረው ሰው ነው። ያኔ መለዋወጫ ቦጂ አጥሮን ሳለ ይህንኑ ነገር ከራሱ አፍልቆ ሠርቶት ነበር። ሁለት አሮጌ ፉርጎ ወስዶ አንድ ቦጂ መሀል አጋራቸው። ብየዳውን ሌሎች ያዙ፣ ባሌስትራውን የገጠምኩት እኔ ነኝ። አሸዋ በጆንያ ሞልተን ከጫፍ እስከ ጫፍ ደርድረን ሞከርነው፣ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ በሽንሌና በድሬ መካከል ሠራተኛና ገበያተኛ ማመላለስ ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ የመሀሉ ባሌስትራ ይሰበር ጀመር። እቀይራለሁ፣ ይሰበራል፤ እቀይራለሁ፣ ይሰበራል። አንዱን ፉርጎ ነጥሎ ማቆም አይቻል፤ አንዱ ሲታመም ሁለቱም ይተኛሉ። በመጨረሻ የጥገናው ግቢ ጥግ ላይ ቆመው ቀሩ።

ሼፍ ከዚያ ወዲህ ያንን ግቢ ረግጦ አያውቅም። ባጃጅ ሲይዝ እንኳ በዚያ በኩል አትሂድ ይላል። አሁን ኩላሊቱን ታሟል፣ ሐኪሞቹም ብዙ ተስፋ አልሰጡትም። በቀደም ልጠይቀው ስሄድ «ሳልሞት አንድ ነገር ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። የተሳሳተው ሐሳቤ ነው ወይስ እጃችን?» አለኝ። እጃችን ካለ የኔም እጅ አለበት።

በማግስቱ ስልኩን ይዤ ሄድኩ። ሚስቱ ትራስ ደግፋለት ተቀምጧል። ከፍቼ ሰጠሁት።

«ወሪያ፣ አንተ፣ መልሰው» አለኝ። መለስኩት። «እዚያ ጋ አቁመው።» አቆምኩት። ዓይኑን አስጠግቶ ቦጂውን አየና «እነሱም?» አለ።

«እነሱም።»

«ሄደላቸው?»

«ትንሽ ሄዶ ቆመ። ፈታቱት።»

ሚስቱ ከወዲያ ሆና «እንኳን ደስ ያለህ፣ ጃፓንም እንዳንተ ሆነች» አለችው። እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። እኔም ተጽናና ብዬ ደስ አለኝ። ሳሉ ሲበርድለት ግን ራሱን ነቀነቀ።

«አቦ፣ እነሱ መሳሳታቸው እኔን ልክ አያደርገኝም። ተነስ ውሰደኝ።»

«ወዴት?»

«ወደ ፉርጎዎቹ ነዋ።»

ሚስቱ ተቆጣች። በዚህ ፀሐይ ወዴት ነው አለች፣ ሁለታችሁም ልጆች ናችሁ አለች፤ ኋላ ራሷ ውሃና ኮፍያ አምጥታ ባጃጅ ጠራችልን። የግቢው ዘበኛ የድሮ ሠራተኞች መሆናችንን ሲሰማ አስገባን።

ፉርጎዎቹ ዝገው፣ ሥራቸው ሣር በቅሎ እዚያው ናቸው። ሼፍ ክንዴን ይዞ ዞራቸው። ብየዳውን በከዘራው መታ መታ አደረገው። ድምፁ ደህና ነው። ጎንበስ ብሎ ባሌስትራውን በሚይዘው ብረት ላይ እጁን አሳለፈ፣ አልተጣመመም።

«እጅህ ደህና ነው» አለኝ። የኔ ደህና ከሆነ የቀረው ምን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ወደ ውስጥ ልግባ አለ። ደግፌ አወጣሁት። ውስጡ እንደ ምድጃ ይፋጃል፣ ወንበሩ እጅ አያስነካም። ጥቂት ሄደንበት ሼፍ ደከመው። ከዚያ ማንም ሳይመራው ወደ መሀል ሄደና ሁለቱ ፉርጎዎች የሚገናኙበት ቦታ፣ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። እዚያ ጋ ያኔ የምንገጥመው መሸፈኛ ስላጣን ግራና ቀኙን ክፍት ትተን በሰንሰለት ብቻ ነበር የዘጋነው። እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ። ነፋስ ከአንዱ ጎን ገብቶ በሌላው ይወጣል። ሸሚዜ ከጀርባዬ ተላቀቀ።

ከዚያ ሼፍ ቀስ ብሎ «የሽንሌ ወተት ሻጮች የት ነበር የሚቀመጡት?» አለኝ።

አሰብኩ። ጀሪካናቸውን ከበው ሲጫወቱ ታዩኝ። ትኬት ቆራጩ ወደ ውስጥ ግቡ እያለ ይጮኻል፣ የሚሰማው የለም። ሠራተኛው እላያቸው ላይ ይቆማል፣ ጫት የያዙትም እስራቸውን እዚያው ይከምራሉ።

«እዚህ» አልኩት። «ሁሉም እዚህ ነበር።»

«አንተስ ስትሳፈር?»

«እኔም እዚህ።»

«እኔ ሁልጊዜ ከነጂው ጋር ነበርኩ» አለ። «አንድ ቀን እንኳ እንደ ሰው ተሳፍሬ አላየሁትም። አሸዋውን እኩል ደረደርን፤ አሸዋ ምን ቸገረው፣ አይሞቀው፣ ነፋስ ፍለጋ መሀሉ ባሌስትራ ላይ አይከመር።»

ያዘነ መስሎኝ ዘወር ብዬ አየሁት። ፊቱ ግን እንደ ድሮው ነው፤ አንድ ማሽን እንቢ ብሎት ቆይቶ ድንገት ሲነሣለት እንደሚሆነው።

«ሁለት በር እዚህና እዚያ ብከፍትላቸው ኖሮ ይበተኑ ነበር» አለ በጣቱ የፉርጎውን ዳርና ዳር እያሳየ። «ሌላ ምንም አልነበረበትም።»

«ምንም አልነበረበትም» አልኩ።

ውጭ ባለ ባጃጁ ክላክስ ነፋ። ሼፍ አልተንቀሳቀሰም።

«ጃፓን ይሞቃል?»

«እኔ ምን አውቄ። ልጄን እጠይቃታለሁ።»

«ጠይቃት። ሰዎቹ የት የት ይቆሙ እንደነበርም ታንብብልህ» አለና ኮፍያውን አውልቆ ጭንቅላቱን ለነፋሱ ሰጠ።